አይቆጠርባችሁም

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ቱሉ ዲምቱ አቧራ መሃል
አዲሱ መሽከርከሪያ ቆሟል፤ ቀለሙ ገና ያጣብቃል።

ከድር ደብተር ይዞ፣ ሰዓቱን እያየ፣
የተጫነውን ሰው ከባዶው ለየ፦
«ሃያ አራት ይችላል፤ አሥራ ስድስት ጫነ።
ስምንቱ ወንበር ብቻውን ሰማይ አይቶ ይመለሳል፤
ሰልፉ ታክሲ ተራ ቢደርስ ምን ይገርማል?»

«ሰልፉን ተወውና ዘፈኑን ስማልኝ»
አለች ፌኔት። «በትዝታ ቅኝት ሰው ይሽከረከራል?
ጉራግኛ ቢሆን
ሆድም አብሮ በዘለለ!»

የኔ ነገር ዋጋው ነበር፦
አምሳ ብር፣ አራት ዙር።
ከታች ሆኜ ቆጠርኩ፤ ሦስት ተኩል ነው።
ግማሿን የት አደረሷት?

ተራችን ደረሰ። ብረቱ አቃስቶ አነሳን።
ጫፉ ላይ ስንደርስ
መብራት ሄደ።

ድምፅ ማጉያው በባትሪ ነው መሰል አላቋረጠም፤
ክራሩ ቀስ እያለ፣ እኛም በነፋስ ብቻ ወዲህ ወዲያ፤
ከእግራችን ሥር የአራተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ፣
ያልተነጠፈ መንገድ፣ የሲሚንቶ ጆንያ።

ከድር እስክሪብቶውን ከደነ።
ፌኔት የወንበሩን ብረት ጨብጣ፣ ወደ ታች ሳታይ፣
«አሁን ገና ገጠመ» አለች።

ቲኬት ቆራጩ ከሥር እጁን አፉ ላይ አድርጎ፦
«መብራት እስኪመጣ ቁጭ በሉ!
አይቆጠርባችሁም!»