ደረሰኝ

እንጀራዬ ቁልፍ ነው፤ ናስ እየቀረጽኩኝ
ሠላሳ አራት ዓመት ቡፋሎ ኖርኩኝ።
ከኢሪ ሐይቅ ላይ ውርጩ ሲነሣ፣
መዝጊያው ሲጋገር፣ ቁልፍ ሲረሳ፣
ሰዉ ደጅ ቀርቶ ጥርሱ ሲፋጭ
ይጠራኛል እኔን፣ የቁልፉን ቀራጭ።
(ቀራጭ ሌላም አለ፣ በወረቀት የሚመጣ፤
ስማችን አንድ ሆኖ፣ ዕጣ ለየቅል ወጣ።)

የሰው በር ለመክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም፤
የራሴን ፖስታ ግን ሦስት ዓመት አልከፈትኩም።

ሃሊና እያለች መዝገቡ የእሷ ነበር፤
እርሳሷን በምላሷ አርሳ ስትደምር፣
ገቢው በቀይ ደብተር፣ ወጪው በሰማያዊ።
እኔ እጅ ብቻ ነበርኩ።
በኅዳር ሞተች፤ የልቃቂቱም ውል ጠፋ።
ሰማያዊው ደብተር እንደተገለጠ ቀረ፣
የመጨረሻው መስመር «ዘይት፣ ለማሽኑ» ይላል።

ከዚያ ፖስታ መጣ። መስኮት ያለው ፖስታ፣
ስሜ በመስኮቱ እንደ እስረኛ የሚያይ።
ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ከተትኩት።
ሌላ መጣ፤ ከተትኩት።
አርባ አንድ ሲደርስ፣ ባልዲው ጢም ሲልብኝ፣
ክዳን ገዛሁለት።

«ሒሳብዎ ታግዷል» አለችኝ የባንኳ ልጅ አንድ ቀን፣
ሰው እንዳይሰማብኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ያ ዝቅታ ነው የገደለኝ።

በጥር፣ እኩለ ሌሊት፣ ከኤልምዉድ መንገድ ስልክ።
ሴት ናት፤ ኮት አልደረበች፤
ድመቷን ልትይዝ ወጥታ በሩ ድርግም ያለባት።
ከፈትኩላት። ስድሳ አምስት ዶላር አልኳት።
«ደረሰኝ?» አለችኝ።
ዝም አልኩ።
ዝምታዬን መረመረችው፣ እኔ ጓጉንቸር እንደማይ፤
«ጠበቃ ነኝ» አለች፣ «የግብር ጉዳይ።
ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ነን፤ አቅም ላነሰው በነፃ።
ማክሰኞ ና። ሳጥንም ይሁን ከረጢት፣ ሳትመርጥ አምጣ።»

ላቬርን ቶድ ትባላለች። ባልዲውን አየች፤ አልሳቀችም።
(ብታዝንልኝ ወጥቼ እሄድ ነበር፤ አላዘነችም።)
በቅቤ ቢላዋ አንድ በአንድ ቀደደች፤
ሦስት ዓመት የላኩልኝ ሁሉ
በአንድ ከሰዓት ደረሰኝ።
ወለድ ቅጣት ወልዶ፣ ቅጣቱም ወለድ ወልዶ፣
ሃያ ሦስት ሺህ ገባ፣ ዘር ማንዘሩ ተዋልዶ።

«ይሄ» አለች፣ «ዝም ስትል የገመቱት ነው።
የሸጥከውን ቆጠሩ፤ ናሱን፣ ኪራዩን፣ ቤንዚኑን
ማን ነገራቸው?»
«ውሸት ነው ታዲያ?» አልኩ፣ ልቤ ብድግ ብሎ።
«ዕዳህ ውሸት አይደለም። ግን ይህን ያህልም አይደለም።»
ብድግ ያለው ልቤ ተመልሶ ተቀመጠ፤
ቢሆንም፣ ወንበር አገኘ።

ስምንት ማክሰኞ ፈጀብን። የናስ ነጋዴውን
የድሮ ፋክቱር ለመንነው፤
ቀይና ሰማያዊውን ደብተር አስታረቅን።
በቅጹ ላይ ለሐዘን የሚሆን ቦታ የለም፤
እሷ ግን «ምክንያት» ከሚለው ሥር
የሃሊናን ስምና የሞተችበትን ቀን ጻፈች፣
ሌላ ቃል አልጨመረችም።

መልሱ በሰኔ መጣ። እኔው ከፈትኩት፣ በቆምኩበት።
ከቅጣቱ አብዛኛው ተነሥቷል፤ ሁሉም አይደለም።
በወር መቶ አሥራ ሁለት ዶላር፣ እስከ ስድስት ዓመት።
ስጨርስ ሰባ ሰባት ይሞላኛል፤
ሃሊና ብትኖር «ለመሞት እንኳ ጊዜ የለህም» ትለኝ ነበር።

ትናንት ላቬርን ሱቄ መጣች፤ ትርፍ ቁልፍ ፈልጋ፣
ድመቷ ዛሬም አመሏን አልተወችማ።
ቀረጽኩላት። ገንዘብ አልቀበልም አልኩ።
አራት ዶላር ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣
እጇን ዘርግታ ቆመች።

የእርሳሱን ቁራጭ ፈልጌ፣ ጫፉን በምላሴ አራስኩና
ቀኑን ጻፍኩ። አንድ ቁልፍ፣ ናስ፣ አራት ዶላር።
ሁለቱን አንድ ላይ ተቀበለችኝ፤
ቁልፉ ገና ትኩስ ነበር።