ለዋልተር የተጻፉ ደብዳቤዎች

ዋልተር፣
ሳላስፈቅድህ ደብዳቤህን ከፍቼ አነበብኩ፤
ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።
ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ ከሌሊቱ አሥር ላይ፣
ሁሉም በአንድ ቃል፦ «ሰባተኛውን እይ።»

አንተ ጡረታ ወጥተህ ጊምሊ ትኖራለህ፣
የሐይቁን በረዶ በስተህ ዓሣ ትጠብቃለህ።
እዚህ ዊኒፔግ፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
ማሽኑ ይጽፍልሃል፣ ሳይታክት፣ በየሌሊት፤
ሰው ወንበሩን ሲለቅ ስሙም እንደሚለቅ
ማን ነግሮት፣ እንዴት ይወቅ?

እኛ ደግሞ ዝም ስላለ ደህና ነው አልን።
«ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን ተረት
ያመጣው ሰውዬ አልዋለም ሰርቨር ቤት።

ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
ጓንቴን ረስቼ ኖሮ ተመለስኩ በሌሊት፤
ከመደርደሪያው በስተግራ፣ ከጉልበቴ ትይዩ፣
አንዲት ብርቱካንማ መብራት፣ ምስር የምታህል፣
ብልጭ ትላለች፣ ድርግም ትላለች፣
ማንንም ሳትጠራ።
የጽዳቷ ሴት ኮራዞን መጥረጊያዋን ተደግፋ፣
«እሷማ ከሰኔ ጀምራ እንዲህ ናት» አለችኝ፣
«እኔ ጌጥ መስላኝ።»

አሠራሩን ታውቀዋለህ፣ አንተ ነህ የገጠምከው፦
አሥራ ሁለት ዲስኮች፣ ያንዱ ቃል ለሁሉ የተከፈለው።
አንዱ ቢሞት የቀሩት ተደማምረው፣ አስልተው፣
ሊል የነበረውን ይላሉ፣ በሱ ፈንታ ሆነው።
ሁለተኛም ቢሞት፣ እንደምንም፣ እያቃሰቱ።
ሦስተኛ ቢሞት
እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ
እጅህን ታራግፍ ነበር።

በላያቸው ያለው የሰው ሆድ ዕቃ ነው፤
የተሰበረ ክርን፣ የሳንባ ላይ ጥላ፣
ገና ያልተወለደ ልጅ አውራ ጣቱን ጎርሶ
ልቡ እንደዚያች መብራት ብልጭ ድርግም ሲል።
ባለቤቶቹ ከላይ፣ በሰባት ፎቅ፣ ተኝተዋል፤
ከሥራቸው አንድ እንደጎደለ ማን ይነግራቸዋል?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፣ እውነት ነው፤
ድሩን ግን በየማለዳው የሚቆጥረው ማነው?
አንዱ ክር ሲበጠስ አንበሳው አይነሳም፣
ሌላው ሲበጠስም አይነሳም፤
የሚያስፈራው መተኛቱ ነው።

አዲሱን ከካርቶኑ አወጣሁ፣ የሞተውን ሳብኩ፤
መዳፌ ላይ ገና ይሞቅ ነበር።
መልሶ ግንባታ፦ አንድ በመቶ። ቀሪ፦ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት።
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ካፖርቴን ለብሼ።
አርባ አንድ በመቶ ላይ ዘጠነኛው ማጉረምረም ጀመረ፤
እኔ፣ በእንዲህ ያለ ነገር የማላምን ሴት፣
ብረቱን በመዳፌ ነካሁና
«አይዞህ» አልኩት፣ በአማርኛ።
አልሰማኝም።
ግን ቆየ።

በማግስቱ ደወልኩልህ። ነፋስ ይሰማል ከኋላህ።
«ስንተኛው?» አልከኝ፣ ደህና ነሽ ሳትል።
«ሰባተኛው።»
«እሱማ ድሮም ይንተባተብ ነበር» ብለህ ሳቅክ፤
ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣
«ስንት ጊዜ ጻፈልኝ?»
ነገርኩህ።
በስልኩ ውስጥ በረዶ ሲሰነጠቅ ሰማሁ፣
ወይም መሰለኝ።

አድራሻውን ቀየርኩት፤ አሁን የሚጽፈው ለኔ ነው፣
እኔ ብቀር ደግሞ ከኔ ቀጥሎ ላለው ሰው።
አንድ ትእዛዝም ጨመርኩበት፦
ሲከፋህ ብቻ አይደለም፣ ደህናም ስትሆን ጻፍልኝ፤
ምንም ባይኖር እንኳ «ምንም የለም» በለኝ፤
ያልመጣው ደብዳቤ እንዲያስደነግጠኝ።

ዛሬ ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ተንቀጠቀጠ።
«አሥራ ሁለቱም አሉ። ዘጠነኛው ደክሞታል።»
ተነሳሁ።
በጨለማ
ጓንቴን መፈለግ ጀመርኩ።