ስሟ የተላጠ

ደሴ፣ የኅዳር ማለዳ፤ ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣
የቤተ ሙከራው በር ባንድ ወገን ጎብጧል፤
ማይክሮስኮፑ ሄዷል፣ ሚዛኑም ተወስዷል፣
የልብ ሥዕል ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።
ከመደርደሪያው ጥግ፣ ማንም ያልፈለገው፣
አንድ ብልቃጥ ተርፏል፣ ዘራፊ የናቀው።

ውስጡ አንዲት ፍጡር አለች፣ ጣት የማትሞላ ነገር፣
ጅራቷን አጥፋ የተኛች፣ የገረጣች እንደ ክር።
ወረቀቷ ተልጧል፤ ስሟን ማን እንደጻፈ፣
ከየት እንደመጣች፣ በማን እጅ እንዳለፈ
የሚያውቅ ጋሼ ሙሄ ነው፤ እሱም የሚያውቀው ግማሹን፦
«አንድ ፈረንጅ መምህር ሲሄድ፣ ተወልኝ ይሄን ብልቃጡን።
ሠላሳ ዓመት አቧራዋን ስጠርግላት፣ ልጆች ሁሉ
‹ጋሼ፣ እንሽላሊትህ እንዴት አደረች?› እያሉ
ነው ያደጉት።»

እንሽላሊት አይደለችም
አልኩት። አላመነኝም።

መነጽሬን ወለወልሁ፣ አጉሊውን አነሳሁ፣
ከመጽሐፉ የመለያ ቁልፍ፣ አንደኛውን ጠየቅሁ።
ቅርፊት አላት? የላትም፤ ገላዋ ልስልስ።
ጥፍርስ? የላትም፤ ጣቷ ድብልብል፣ የክብሪት ራስ።
የፊቱን ቁጠር አልኩት፤ አራት። የኋላውን፤ አምስት።
«አንዱን አይጥ በልቶት ይሆን?» የለም፣ ሥሪቷ ነው የጥንት።

«ታዲያ ወገኗ ማን ነው?» የእንቁራሪት ዘመድ ናት፣
መልኳ ሌላ ቢያስመስል፣ ጅራት ቢረዝምባት።
ቦርከና ዳር ብትወርድ፣ ድንጋይ ብትገለብጥ፣
እሷን መሳይ አታገኝም፤ የምታገኘው ጉርጥ።

ጋሼ ሙሄ ሳቀ።
«ቀበሌ የላከው ቆጣሪ አንድ ቀን ስሜን ጠይቆ፣
ሙሄ ገብረመድኅን ብለው፣ እስክሪብቶውን አርቆ
‹አባትህ በየትኛው ነው? አንተስ በየትኛው?› አለኝ።
የወሎ ሰው ነኝ አልኩት። ከሳጥኖቹ ቦታ አጣልኝ።»

ወደ ሰባተኛው ዘለልን፤ ከፊት ክንድ እስከ ኋላ እግር
ጎኗ ላይ የተማሰውን ትንንሽ ቦይ ስንቆጥር፣
እኔ አሥራ ሦስት አልኩ፣ እሱ አሥራ አራት፤ ተጣላን።
ዘሀራ፣ የዘጠነኛ «ለ»፣ በመስኮት አይታ ገባችልን፤
አሥራ አራት ናቸው አለች፤ አንዱ ብብቷ ሥር ተሸሽጓል።
ልጅ ዓይን ያያል።

ያኔ፣ ከአፍንጫዋ ቀዳዳ ወደ ከንፈሯ የወረደ
እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየሁ፤ ልቤ ራደ።
እሱ ነበር ምልክቱ! ሳንባ የሌላቸው ቤት፣
ጤዛ የሚተነፍሱ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከእርጥበት።
«ሳንባ የላትም?» አለች ዘሀራ፣ እጇን ደረቷ ላይ ጭና፤
«ታዲያ እንዴት ኖረች?» በቆዳዋ፤ ሳትደርቅ፣ እርጥብ ሆና።

ጋሼ ሙሄ ዝም አለ። በዚያ፣ በሽሽቱ ጥቅምት፣
የሐረጎን ቁልቁለት በእግሩ የወረደ ለት
ትንፋሽ እንዳጠረው አውቃለሁ፤ ግን አልጠየቅሁትም፣
እሱም አልነገረኝም።

ዝርያዋ ግን እምቢ አለ።
ቀጣዩ ጥያቄ ቀለም ነው፦ ቀይ ሰንበር ነበረ ጀርባዋ ላይ?
ወይስ ቢጫ ነጠብጣብ? ሆዷስ ጥቁር ነው ወይ?
ፎርማሊን ሁሉን አጥቦ እንደ ሰም አንጥቷታል፤
ቁልፉ እዚህ ጋ ይቆማል፣ በሩ ግን ተዘግቷል።

አዲስ ወረቀት ቆረጥሁ። በእርሳስ ጻፍሁ፣ ቀለም ይፈሳልና፦
መደብ፣ እንቁራሪት አስተኔ።
ቤተሰብ፣ ሳንባ የለሾች።
ዝርያ፣
እዚያ ላይ ባዶ መስመር ተውሁ፣ ረዘም አድርጌ፣
ምናልባት ከኔ የተሻለ ዓይን ይመጣል ብዬ።

«ሀገሯንስ?» አለ ጋሼ ሙሄ። አይታወቅም ልል ስቃጣ
እርሳሱን ከእጄ ነጠቀ፤ በወፍራም ጽሕፈቱ እንደ ቁጣ
«ደሴ» ብሎ ጻፈ። «ሁለተኛው መደርደሪያ።»

ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል እስካፉ ሞላንላት፣
ክዳኑን በሻማ አሸግን፣ ወደ ቦታዋ መለስናት።
ዘሀራ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ በሹራቧ ላይ
በጣቷ የራሷን ጎን ትቆጥራለች፣
ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ።