ሰረዝ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ ሜዳ፣
ነበረ አንድ ሣጥን፣ ነጭ የሳንቃ ግድግዳ፤
በውስጡ ሁለት ዘንግ፣ አልኮልና ባዜቃ፣
አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለሌሊት ጠበቃ።
ጋሽ ደበላ ጉርሜሳ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍት
ትንፋሹን ይይዛል፣ መስታወቱ እንዳይሞቅበት።
ያየውን ይጽፋል። ያላየውን አይጽፍም።
በእሱ መዝገብ ውስጥ ግምት ቦታ የለውም።

እኔ የመጣሁት ሣጥኑ ከተነሣ በኋላ ነው፤
አሁን ያለው ምሰሶ ነው፣ ራሱ ለክቶ ራሱ የሚልከው።
የእኔ ሥራ፣ ጥቁር ልባስ ያለው ሠላሳ አንድ መዝገብ
ወደ ኮምፒውተር ማዛወር፤ መጻፍ፣ ማንበብ፣
ቁጥር በቁጥር፣ ሌሊት በሌሊት፣
አይጥ የቀመሰውን ጠርዝ እያቃናሁት።

  ታኅሣሥ ዘጠኝ፣ ሰባ ሦስት። ከዜሮ በታች ሁለት ነጥብ አራት።
  «ውርጭ። የወይዘሮ ኩለኒ ባቄላ እንዳለ ጠቁሯል።»
  ታኅሣሥ አሥር። ከዜሮ በታች ሦስት።
  «ውርጭ። ቀለሙ ብልቃጥ ውስጥ ረግቷል። በእርሳስ ጻፍኩ።»
  ታኅሣሥ አሥራ አንድ።
  «ውርጭ። ድርቆሽ ጫኙ ልጅ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት አለቀሰ።»

ለቅሶ የሚሞላበት ዓምድ በቅጹ ላይ የለም፤
እሱ ግን ጻፈው፤ እኔም አልዘለልኩትም።

እውነት ለመናገር፣ አላምንም ነበረ።
ሽማግሌ «ድሮ» ሲል፣ ወንዙ ሰፊ ነበረ፣
ቅቤው ቢጫ ነበረ፣
ብርዱ እንኳ ከዛሬው ብርድ የጨዋ ልጅ ነበረ።
ቁጥር ግን አይናፍቅም። ደምሬ አካፈልኩት፤
ታኅሣሥን ከታኅሣሥ ጋር አነጻጸርኩት።
ያኔ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቀን አመዳይ፤
አምና አንድ፤ ዘንድሮ እስከ ዛሬ ሣሩ ላይ
ጤዛ ብቻ።

ይህን ይዤ ቤቱ ሄድኩ፣
ላበስረው ይሁን ላረዳው ሳላውቅ።
ሰማኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣
«ያኔ ሣጥኑን የከበበው ሜዳ ነበር» አለ።
«አሁን በዚህ የብሎኬት አጥር፣ በዚያ አስፋልት፤
ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሌሊት ይተፋል።
ስንቱ የሰማይ ነው? ስንቱ የሲሚንቶ?
ለይተሽ ጻፊ፣ ልጄ።»

ዘበኛው ቱፋ መለየቱ አይገደውም፤ ካፖርቱን ሸጧል።
የኩለኒ የልጅ ልጅ ባቄላዋ አይጠቁርም፣
ውርጭ ይገድለው የነበረ ትል ግን
ዘንድሮ ከነቤተሰቡ ከርሟል።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።
ታኅሣሥ ሃያ ሁለት፣ ሰባ ስድስት፤
በቁጥሩ ቦታ አጭር ሰረዝ፤
በሠላሳ አንድ ዓመት፣ ያቺ ብቻ።

«እ» አለ። «ያቺ ሌሊት።
አያንቱ ምጥ ላይ ነበረች። በቃሬዛ ተሸክመናት
እስከ አስፋልቱ ወረድን፣ መኪና ስንጠብቅ ነጋ።
የውሻው ገበቴ እስከ ታች ድንጋይ ሆኗል፣
ትንፋሼ ጢሜ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።
እንደዚያ ያለ ብርድ
ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም አላየሁም።»

«መለኪያውስ?»

«በሦስተኛው ቀን ስመለስ ጠቋሚዋ ታች ወርዳ ቆማ አገኘኋት።
ግን ሁለት ሌሊት አልፏል።
የየትኛዋ እንደሆነች ማን ይማልልኝ?»

«ስንት ላይ ነበረች?»

«ያልማልኩበትን አልናገርም።»

ስለ ሕፃኑ አልጠየቅሁም።
እሱም ሰረዙን አልሞላም።

ስወጣ መሽቷል። ከደጁ ድንጋይ ላይ
የቆርቆሮ ሳህን ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል፤
ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ያስቀምጣል አሉኝ።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣
በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት፦
ጎንበስ አለ፣ ትንፋሹን ያዘ፣
በአንድ ጣቱ መሃሉን ነካ።

ውሃው ክብ ሠርቶ እስከ ጠርዙ ሄደ።