በጉበኑ ላይ የቀረ ቁጥር

አያቴ አባ ዱራ ቆላ ወርዶ አያድርም።
የጊቤ ዳር ሣሩ ቢለመልም፣ ቢያምርም፣
ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ከብቱን አስቀድሞ
ዳገቱን ይወጣል በቅሎውን ለጉሞ።
«ቡሳ አየር ነው» ይላል፣ «ከረግረግ የሚነሣ፤
ማታ የሳበው ሰው ቀኑ ሲደርስ፣
ጋቢ ቢደርብም ብርዱን አይረሳ።»

ተሳስቷል።
ግን ሰባ ስምንት ዓመት ኖረ፤
አንድ ቀን ሳይንቀጠቀጥ ጅሬን ግርጌ ተቀበረ።
ምክንያቱ ሐሰት፣ እግሩ ግን እውነት ነበረ።

አባቴ ጣሃ ደግሞ ካኪ ለባሽ መንገደኛ፣
የመርዝ ጋን አዝሎ ዟሪ፣ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ።
«አየሩ አይደለም አባ፣ ትንኝ ናት» አለው አንድ ቀን ወደ ማታ።
«አየሃት?»
«በሥልጠና ነው የሰማሁት፤ ሥዕሏም ነበረ።»
«ጭጋጉንማ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለና ሽማግሌው በእርጋታ
ለመግሪብ ሶላት ተነሣ።

ጣሃ ከሂርማታ እስከ ቦዬ ከቤት ቤት እየገባ
ጭቃውን ግድግዳ አለበሰው፣ ኖራ የመሰለ ካባ።
በየበሩ ጉበን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈ፤
«በአሥር ዓመት ትጠፋለች» የሚል ወረቀት ነበረው፣
ማኅተም ያረፈበት፣ ኪሱ ውስጥ የታጠፈ።
(ሰዉስ በሩን የከፈተለት ትኋኑ ስለረገፈ።)

አሥሩ ሃያ ሆነ።
ትኋኑ ተመለሰ፤ ትንኟም መርዙን እንደ ጨው ላሰች፤
ወረቀቷ በመታጠፊያዋ ሳሳች፣ ተበጠሰች።
እሱ ግን ረጨ። ቁጥር ጻፈ። ረጨ።

እኔ ልጁ ራውዳ፣ ደም አንባቢ ነኝ።
ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ በመስተዋት ላይ አስጥቼ፣
ቀለም አልብሼ፣ አጥቤ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ
በሐምራዊ ባሕር ውስጥ ቀለበት እለቅማለሁ፤
ፈርጧ አንዲት ቀይ ነጥብ፣
ማንም ያላጨባት ቀለበት።

አባቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛ ዓመቱ
ቤተ ሙከራ መጣ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በማይክሮስኮፑ ቁልቁል አየ፤
ሠላሳ ዓመት አሳዷት፣ ከእሷ ጋር ገና ያልተያየ።
ዝም አለ። እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ፈለገ።
«ይህቺ ናት?»
«እሷ ናት።»
«ታምራለች» አለ፣ እንደማፈር አድርጎት፣
ድምፁን ዝቅ አደረገ።

እኔም ተሳስቻለሁ፤ ደብተሬ ይመሰክራል፦
«ወባ የገጠር ናት፣ ከተማ ውስጥ አትራባም» ይላል፤
ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፣ ለፈተና የተሸመደደ።
አሁን በምሥራቅ በኩል አዲስ ትንኝ ገባች ተብሎ ደብዳቤ ወረደ፤
በርሜል ውስጥ፣ በተጣለ ጎማ ውስጥ፣
ባላለቀ ፎቅ የውኃ ጋን ውስጥ የምትፈለፈል፣
የረግረግ ሽታ የማታውቅ።
ያ ድሮ ፍቱን የነበረ መራራ ክኒንም ለአንደኛው ዓይነት ውኃ ሆኗል።
ትኩሳቱ ብቻ ቀጠሮውን አልረሳም፤
በየሦስተኛው ቀን፣ በሰዓቱ፣ ደጅ ሳያንኳኳ ይገባል።
አያቴ በጣቱ ይቆጥረው ነበር፣ እኔ በሰንጠረዥ፤
ቁጥራችን ይገጥማል።

የቦዬው አሮጌ ቤት ሲፈርስ ጉበኑን ለምኜ ወሰድኩት።
የአባቴ እጅ አለበት፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
ቀይነቱ ወደ ዝገት ሄዷል፤ አራቷ ግን አሁንም ቀጥ ብላ ቆማለች።
ልጄ ሂክማ በጣቷ ዳበሰችውና
«እማ፣ አንቺስ ዛሬ የምትሳሳቺው ምኑን ነው?» አለች።

ባውቀው ኖሮማ።

ከአዌቱ ማዶ ጭጋግ ተነሥቷል፤
ዝቅ ብሎ፣ በሣሩ መሐል፣ እንደ ሰው እየተራመደ።
መስኮታችን የትንኝ ወንፊት አለው። ራሴ ነኝ ያስመታሁት።
«መሽቷል» አልኳት፣
«ነይ፣ መስኮቱን ዝጊው።»