ስክሪን ጠጋኙ

ከወደቡ መግቢያ፣ ዘምባባው ከሚያጋድልበት፣
አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ ያላት።
የተሰነጠቀ መስታወት ነቅዬ ሌላ እለጥፋለሁ፤
ሰው ስልኩን ሲሰጠኝ ግን፣ ሳልፈልግ ዕድሜውን አያለሁ።

መታወቂያ አልጠይቅም፤ ይዋሻል ብዬ አይደለም፤
ፌስቡክ ከፊት ከተቀመጠ፣ ባለቤቱ ከሃምሳ አይጎድልም።
አቶ ደምለው አሉ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጡ፣
መነጽራቸውን በክር አስረው ቻርጅ ሊያስሞሉ የሚመጡ።
ለቅሶም ሰርግም በፌስቡክ ነው፤ ሁሉም ጋ ይደርሳሉ፤
"ነፍስ ይማር" ብለው ጽፈው፣ ከሥሩ ስማቸውን ይፈርማሉ።
ስለ እምቦጭ አረም አንዴ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈው፣
አራት ሰው ወደደላቸው፤ አንዱ እኔ ነበርኩ፣ እንዳይከፋቸው።

እኔና እኩዮቼ፣ ሠላሳን አልፈን አርባን የምንፈራ፣
ቴሌግራም ውስጥ ነው ኑሯችን፤ የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ፣ የሥራ።
የሰፈሩ ቡድን ሰባት መቶ ነው፤ ሁሉ ያነባል፣ ማንም አይናገርም፤
በግንቦት "ሰላም ናችሁ?" ያለ ሰው፣ በሰኔም መልስ አላገኘም።

ሃያዎቹ ሌላ ናቸው፤ ስልካቸው ገና ሲበራ ይጮኻል፤
ቲክቶክ ላይ ሐይቁ እንኳን ከሐይቁ ይልቅ ያምራል።

ሽማግሌ ጀልባ ነጂዎች፣ "አባይ ጣናን ሲያቋርጥ
አይቀላቀልም" ይላሉ፤ እንደ ክር ነው በጨርቅ ውስጥ።
እውነት ይሁን ተረት፣ ጨልፌ አላየሁም፤
ሰዉን ግን አይቻለሁ። ስለሰዉ አልከራከርም።

በጥቅምት ወይዘሮ አትጠገብ ከሽምብጥ በእግር መጡ፤
በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ከብብታቸው አወጡ።
ኢሞ ብቻ ነው ያላቸው፣ ጅዳ ላለው ልጃቸው፤
አርብ አርብ እሱ ጣሪያቸውን ያያል፣ እሳቸው ግማሽ ግንባሩን ያያሉ፤ ይበቃቸዋል ለሁለታቸው።
"ያችን ጫንልኝ" አሉኝ፣ "ያችን ልጆች የሚዘሉባትን።"
ዝም አልኩ። "ለመዝለል አይደለም፤ ላያት ነው ባንችአምላክን።
እዚሁ አሥራ አራት ቀበሌ ናት፤ ስደውል ታጠፋዋለች፤
ጎረቤት ነው የነገረኝ፣ እዚያ ውስጥ ማታ ማታ ትስቃለች።"

ጫንኩላቸው። ስም ጠየቀ። "ስም ምን ያደርግልኛል?" አሉ።
ፎቶም እምቢ። ግራጫ ክብ ሆነው ከሺዎቹ ተቀላቀሉ።
"ሁለቴ ሲነኩት ልቡ ይቀላል" ብዬ አሳየሁ፤
ሃምሳ ብር ዘረጉልኝ፤ "ለካርድ ይሁንዎ" ብዬ መለስሁ።

ጥር ሲጋመስ ልጅቷ መጣች፣ መስታወቷ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቆ፣
ጥፍሯ ረጅም፣ ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ናፍቆ።
ስፈታታው ቆማ አወራች፤ ተከታዮቿ አሥራ ሁለት ሺህ፤
"አንዱ ግን ያስፈራኛል። ስም የለው፣ ፎቶ የለው፣ ይኸውልህ።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የጊዮርጊስ ደወል ሳይደወል፣
የለጠፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ልብ ይሰጣል።
አንዴ ሌሊት እያለቀስኩ ለጥፌ፣ በአምስት ደቂቃ አጠፋሁት።
ቀድሞኝ አይቶታል።
ብሎክ ላድርገው?"

ጠጋኝ ምስጢር አለበት፤ ስንቱን አይቼ ዝም ብያለሁ፤
የሰው ዕዳ፣ የሰው ውሽማ፣ ከመስታወቱ ጋር ለጥፌዋለሁ።
ማጣበቂያው እስኪደርቅ አቀርቅሬ ቆየሁና፣
"ተይው" አልኳት። "እንቅልፍ የሌለው ሰው ይሆናል፤ ምን ያደርግሻልና?"

"አሥራ አንድ ሰዓት" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው።
ደግማ አላናገረችኝም። ከፍላ ወጣች፤ መልሱን ረስታው።
ወደ ሽምብጥ ትታጠፍ፣ ወደ አሥራ አራት፣ አላየሁም፤
የባጃጁ አቧራ ብቻ ነው፤ አቧራ አቅጣጫ አይናገርም።

ወዲያው አቶ ደምለው ገቡ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፤
"አንተ ልጅ፣ አምስተኛ ሰው ወደደልኝ! ማን ነው? እስቲ እይ።"