ክረምት በአትክልት መሳቢያ

ጥር ነው በቂርያት ጋት፤ ካፖርት ያወጣ የለም፣
ያሰጣሁት አንሶላ እስከ ቀትር አይቆይም።
ከኩሽናው መስኮት ሥር፣ ከቀለም ባልዲው ውስጥ
የአዛናው ሐረግ ብቻ ዐይኑን ሳይከድን ያድራል፣
ቅጠል ሲያወጣ፣ ሲለውጥ።

ሊተኛ ይገባው ነበር።
እንዲህ ብሎ ነገረን ሥሩን የሰጠን ሰው፣
ግሪሻ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ የወርቅ ጥርስ ያለው፦
«ሆፕስ ነው ይህ፣ ያገሬ፤ ውርጭ ሲወርድበት ጊዜ
ምድር ገብቶ ይተኛል በከባድ ፍዝ ትካዜ።
ሁለት ወር ከተኛ ነው በፀደይ የሚጠና፣
እንቅልፍ ያጣ እንደሆነ አበባም የለው፣ ጤና።»

አዛናው ሆፕስ አላለው። የፈረንጅ ጌሾ አለው፤
መሮ ከጠመቀማ ሌላ ስም ምን ሊያረግለው።
እኔ ግን ልዩነቱን አየሁ፦ ጌሾ ይቆማል በራሱ፣
ይኼኛው ገመድ ይሻል፣ ሰው ይሻል ለመነሣቱ።

ደግሞ ክረምት ሲሉ እኔ
የሐምሌ ጭቃ ነው የሚመጣብኝ፣ ጫማ የሚውጥ፣
ጥር ለኔ በጋ ነው፣ የሠርግ ወር፣ የአውድማ።
ለዚህ ሥር ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፣ ዝምታ ነው።
በአንድ ቃል ሁለት ሰማይ ይዘን
አንድ ባልዲ እናጠጣለን።

አምና ሳይተኛ ወጣ፣ ገመዱን ጨብጦ፣
ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ መልኩን ለውጦ።
አንዲት አበባ የለ።
አዛናው ከባልዲው ፊት ቁጢጥ ብሎ አየው፣
እኔም ከመስኮቱ ሆኜ
ሁለቱን አየኋቸው።

ባሌ የሌሊት ዘበኛ ነው በፕላስቲክ ፋብሪካ በር።
ጧት ሲገባ መጋረጃው ስስ ነው፣
የደረጃው ልጆች ይሮጣሉ፣ የቆሻሻ መኪና ያጓራል።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው፤
ይጋደማል እንጂ አይተኛም።

ዘንድሮ መቀስ አነሣ። ሐረጉን ከሥሩ ቆረጠው፣
ግንዱን ከአፈር አወጣ፣ እንደ ሕፃን አጠበው፣
በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በፌስታል ደግሞ አስሮ
ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው፣ ከካሮቱ ጋር ደርድሮ።
«አይበላም» ብሎ ጻፈበት በወፍራም እስክሪብቶ፣
ይኸውም ሜይታል ልጃችን
ዝንጅብል መስሏት ልትፍቀው ስትል ከደረሰ በኋላ ነው።

«መብራት ከፍለን ብርድ ገዛን» አልኩት።
«ሌላው ቴሌቪዥን ይገዛል» አለኝ።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የማቀዝቀዣዋን አምፖል
ግማሽ ዙር አላላታለሁ፣
በሰንበት በሩን ስንከፍት እንዳትበራ።
ያን ሌሊት ፈረቃ የለውም።
ውኃ ጠምቶኝ ተነሣሁ፤ በጨለማ መሳቢያውን ሳብኩት፣
ጋዜጣውን ዳሰስኩት፤
ቀዝቃዛ፣ ጠጣር፣ ምንም የማይፈልግ።
ከመኝታ ቤት ደግሞ ማንኮራፋት ይሰማል፣
እንደ ሩቅ ወፍጮ፣ ዝግ ያለ።
በሩን መልሼ ዘጋሁት። በባዶ እግሬ ቆምኩ።
ለካ ብርድ ለሁሉ አንድ አይደለም፤
አንዱን ይበርደዋል፣
አንዱ ይበርድለታል።

በመጋቢት ወደ ባልዲው መለስነው።
ግሪሻ ከሰገነቱ ገመድ ወረወረልን፣
ሐረጉም ጠዋት ከማታ ስንዝር ሄደ፣
ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ
«ዛሬ መስኮቴን አንኳኳ» ብላ ሳቀች።
በሰኔ አበባ ያዘ፣ ቆጠርናቸው፣ ሃያ ሦስት፣
ሙቀቱ ሳያነዳቸው ለቀምናቸው ባንድ ለሊት።
የኩሽናው ሚዛን ሦስት ግራም አለ፣
አሰበና ዜሮ አለ።

«ይጠመቅ!» አለ ግሪሻ።
«ግማሽ ብርጭቆ አይሆንም» አለ አዛናው።
«ግማሹን እንካፈላለና!»
አልተስማሙም፤ እስካሁንም አልተስማሙ፤
አበቦቹ በማር ብልቃጥ፣ መደርደሪያው ላይ ናቸው።
ትናንት ማታ ለፈረቃ ሲወጣ አንዲቱን አነሣ፣
አሸተታት፣ ፊቱን አጨማደደ፣
በሸሚዝ ኪሱ ከተታት።

የመሳቢያውን ጥግ ካሮት አላስገባሁበትም።
ጥር ሩቅ አይደለም።